«ነበርኩ» ብቻ የሚል ምስክርነት፦ ከሱስ ነፃ ስለ መውጣት የምንናገርበት መንገድ ሲመዘን

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካሉ አጥቢያዎቻችን በአንዱ የሚያመልክ ሰው ይህን ምስክርነት ሳይሰማ አይቀርም። አንድ ወንድም ድምፅ ማጉያውን ይይዛል። ካዛንቺስ ማደጉን፣ ጫት መጀመሩን፣ ከዚያም ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ መልመዱን፣ በመጨረሻም የእናቱን ወርቅ መሸጡን ይናገራል። ቀጥሎ አንድ ሌሊት ይመጣል፤ ጸሎት፣ እጅ መጫን፣ ዕንባ። «ከዚያን ቀን ጀምሮ አልነካሁትም» ሲል ጉባኤው በእልልታ ይሞላል።

የስብከት ዘዴ መምህር እንደ መሆኔ ይህን ምስክርነት እንደ አንድ የንግግር ዓይነት ልመዝነው እወዳለሁ። የምመዝነው የመስካሪውን ቅንነት ወይም የእግዚአብሔርን ኃይል አይደለም። ጌታ በአንድ ሌሊት ከሱስ የፈታቸው ሰዎች እንዳሉ አምናለሁ። ምስክርነቱም ተስፋ ለቆረጠ ቤተሰብ ትልቅ ተስፋ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ መድረካችን የሚያውቀው ይህን መልክ ብቻ ከሆነ፣ መንገዱ የረዘመበት ወንድምና ቤተሰቡ የት ይቁሙ?

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ግሡን ልብ ይበሉ። ሁሉም ነገር በ«ነበርኩ» ያልቃል። ሱስ ግን ብዙ ጊዜ ያገረሻል፤ ሲያገረሽ ደግሞ ምስክርነቱ ለዚያ የሚሆን ዐረፍተ ነገር የለውም። የተረፉት ቃላት «ወደ ኋላ ተመለሰ» እና «ቅጣት ላይ ነው» የሚሉት ብቻ ናቸው። ቀድሞ ባገለገልኩበት አጥቢያ ልጃቸው የመሰከረላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ልጁ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና መጠጣት ሲጀምር እናቲቱ ከፊት ወንበር ተነሥተው በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የጌታን ስም ያሰደብን መስሎኝ ነው» አሉኝ። ልጁ መጠጡን ደበቀ፤ እናቱ ደግሞ ልጃቸውን ደበቁ። ያን ድብቅነት ያስተማርናቸው እኛው ነበርን።

ሁለተኛው ጉድለት የሰውን አካል መርሳቱ ነው። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። አንዳንዱ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ግራ ይጋባል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይጮኻል። ይህ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። በሐኪም ክትትል ሲደረግ ግን እንደ ዳያዜፓም ባሉ መድኃኒቶችና በቫይታሚን ቢ1 ይታከማል። አሁን ይህ ሰው በሦስት ቀን ጾምና ጸሎት መካከል እንዳለ ያስቡ። በሦስተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥና ሲጮኽ የምናየው ምን ይመስለናል? «ጋኔኑ እየወጣ ነው» ብለን አጥብቀን ስንጸልይ፣ ምግብ ያጣው ሰውነቱ በእጃችን ላይ ሊያልፍ ይችላል። ጸሎታችን አይቋረጥ፤ ግን በሐኪሙ አልጋ አጠገብም መጸለይ ይቻላል።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበልንና የኤች አይ ቪ መድኃኒትን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ስለ ሱስና ስለ አእምሮ ሕመም የእኛም መድረክ እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል ያስፈልገዋል። «ጌታ በአማኑኤል ሆስፒታል ሐኪሞች እጅ ረዳኝ» የሚል ምስክርነት ከሌላው ያነሰ እልልታ ሊሰጠው አይገባም።

«ታዲያ አዲስ ፍጥረትነት የት ቀረ?» የሚሉኝ አሉ፤ ተቃውሞው ከባድ ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ሰካራሞችን ሳይቀር ከጠቀሰ በኋላ አማኞቹ ቀድሞ እንዲህ እንደ ነበሩ፣ አሁን ግን እንደ ታጠቡ ይናገራል። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ አባላቱን «ሱሰኛ ነኝ» ማሰኘቱ ከዚህ ጋር አይጋጭም ወይ? ማኅበሩ ኑዛዜንና የእርስ በርስ መረዳዳትን የወረሰው ኦክስፎርድ ግሩፕ ከሚባል የክርስቲያኖች ኅብረት ቢሆንም፣ «ነኝ» የሚለው ቃል ብዙ ወንጌላውያንን ያስጨንቃል። እኔም ማንነታችን በክርስቶስ እንጂ በሱስ እንዳይጠራ እሻለሁ። ነገር ግን መልእክቱን ወደ ፊት ያንብቡ። በምዕራፍ 11 እዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጌታ እራት ላይ የሚሰክር ሰው አለ። ጳውሎስ ይገሥጻቸዋል፤ ምዕራፍ 6 ላይ ያለውን ግን አልሰረዘም። «ነበራችሁ» የተባለላቸው ሰዎች ገና እየታገሉ ነው። ጸጋው የተጠናቀቀ ነው፤ ፈውሱ ግን በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ማርቆስ 8 ላይ በቤተ ሳይዳ የተፈወሰውን ዕውር ያስታውሱ። ጌታ አንድ ጊዜ ዳሰሰውና ምን እንደሚያይ ጠየቀው። ሰውየው ሰዎች እንደሚመላለሱ ዛፎች እንደሚታዩት እውነቱን ተናገረ። በእኛ መድረክ ቢሆን ኖሮ «እምነት የለህም» እንዳይባል «አየሁ» ይል ነበር። ጌታ ግን አልነቀፈውም፤ ሁለተኛ ጊዜ ዳሰሰው፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ሰደደው። ጭላንጭሉን ደፍሮ መናገሩ ለሁለተኛው ዳሰሳ በር ሆነለት።

ወደ ቤቱ መሰደዱ ዛሬ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከድሮው ካዛንቺስ ብዙው ፈርሶ ነዋሪዎቹ ገላን ጉራን ወደ መሳሰሉ የከተማ ዳርቻዎች ሲዛወሩ፣ መጠጥ ቤቱ ብቻ አልራቀም። ዕድሩ ተበተነ፤ ማታ ማታ በር አንኳኩቶ «እንዴት ዋልክ?» የሚለው ጎረቤትም ራቀ። መድረካችን የአንድ ሌሊት ታሪክ ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ከዚያ ሌሊት በኋላ ያሉትን አንድ ሺህ ሌሊቶች ማን ይጠይቃል?

እንግዲህ ምስክርነቱ ይቅር አልልም፤ ይስፋ እላለሁ። ገና ሳምንት ያልሞላውን ወንድም ለመድረክ አናጣድፈው። «ዛሬ አልጠጣሁም» የሚለውን እንደ ሙሉ ምስክርነት እንቀበል። ሚስትና እናትም የራሳቸውን ድካም እንዲናገሩ ጊዜ እንስጣቸው። የወደቀውን ከመቅጣታችን በፊት ሽማግሌዎች ታክሲ ተሳፍረው ቤቱ ይሂዱ።

ያቺ እናት ከበሩ አጠገብ ተነሥተው እንደገና ወደ ፊት ወንበር የሚመለሱት ልጃቸው ፈጽሞ የማይወድቅ ሲሆን ብቻ መሆን የለበትም። እሑድ ሲገቡ ቀና ብለው ይመለከቱን እንደሆነ አንባቢዬ ይከታተሉ።