የሐይቅ እስጢፋኖስ ታሪክ፤ ገድሉና የወንጌሉ ኅዳግ

በግእዝ ሐይቅ ማለት የባሕር ዳር፣ ውሃና የብስ የሚገናኙበት ወሰን ነው። ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ ለሚሄድ መንገደኛ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስሙ እንደ ግብሩ ነው፤ ቀድሞ ደሴት የነበረው ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟልና። የዚህን ደብር ታሪክ ሁለት ጽሑፎች ይነግሩናል፤ አንዱ ገድለ ኢየሱስ ሞዐ ነው፤ ሁለተኛው በ1273 ዓ.ም. ጻድቁ ለገዳሙ በሰጡት ወንጌል ላይ የሰፈረው ማስታወሻ ነው።

ገድሉ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1965 በሉቨን ታትሟል። ጻድቁ በዳህና ተወልደው፣ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እጅ መንኵሰው፣ ወደ ሐይቅ መጥተው ማኅበሩን እንዳቆሙና አቡነ ተክለ ሃይማኖትን እንዳስተማሩ በጣዕም ይተርካል። ነገር ግን በ1262 ዓ.ም. ወደ ነገሠው ወደ ይኵኖ አምላክ ነገር ሲደርስ፣ ብዕሩ ከምስጋና ወደ ሙግት ይዞራል። ንጉሡን ረድተው ለገዳማቸው ክብር የተቀበሉ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው ይላል፤ የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ግን ይህንኑ ክብር ለተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። ገድሉ ከጻድቁ ዕረፍት ብዙ ዘመን ቆይቶ የተጻፈ ነውና፣ በዚህ ስፍራ የምንሰማው የጻድቁን ዘመን ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውንም ዘመን ክርክር ነው።

የወንጌሉ ማስታወሻ የቃል ውበት የለውም። ሰጪውንና ዘመኑን ይናገራል፤ የገዳሙንም መጻሕፍት ይቈጥራል። ሊያስደንቅ ስላልተጻፈ እናምነዋለን። ይሁን እንጂ ኅዳግም ሁሉ ንጹሕ ምስክር አይደለም፤ በየወንጌሉ የሚገኝ የርስት ማስታወሻ ባለርስቱ የሚናገረው ነውና፣ ቀለሙና የእጅ ጽሕፈቱ ሊመረመር ይገባል። ደግሞም ኅዳጉ መጻሕፍቱን ቢቈጥርልን፣ ሰዎች ዓለምን ትተው ወደዚያች ደሴት ስለ ምን እንደ ሄዱ የሚያስረዳን ገድሉ ነው። እንግዲህ ገድሉን ለፍቅሩ፣ ኅዳጉን ለዘመኑ ማንበብ ይገባል፤ አንዱን በአንዱ ለመሻር የሚቸኩል ሁለቱንም ያጣል።

ይህን የምጽፈው ስለ ሐይቅ ብቻ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ሠራዊት በደረሰ ጊዜ የደሴቱ ወርቅ ተወሰደ፤ ወንጌሉ ግን እስከ እኛ ደረሰ። በሀብሩ፣ በመርሳና በወልድያ ዙሪያ ያሉ ትንንሽ አጥቢያዎች ግን ገድል የጻፈላቸው ማን አለ? ታሪካቸው በአረጋውያን አፍ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚሁ አገር ባለፈ ጊዜ፣ ያልተጻፈ ነገር ከባለቤቱ ጋር እንደሚቀበር አይተናል።

ስለዚህ የአጥቢያ ካህናት ሆይ፣ ውብ ቃል እስክታገኙ አትጠብቁ። ታቦቱ የገባበትን ዘመን፣ ቤቱን የሠራውን፣ መጽሐፉን የሰጠውን፣ ይህንንም ማን እንደ ነገራችሁ በመዝገብ ጻፉ። ያልሰማችሁትን አትጨምሩ፤ የሰማችሁትንም አታስቀሩ። ገድል የሚጽፍ በጊዜው ይነሣል፤ እርሱ ሲነሣ ግን የሚመሰክርለት ኅዳግ ይኑረው።