«ሄር-2»፦ የመድኃኒቱ ታሪክና የተዘነጋው ናሙና

አሜሪካዊው የቴሌቪዥን የሳይንስ ዘጋቢ ሮበርት ባዜል እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት «ሄር-2» የተሰኘ መጽሐፍ፣ ትራስቱዙማብ (በንግድ ስሙ ሄርሴፕቲን) የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት የተገኘበትን ጉዞ ይተርካል። መድኃኒቱም በአሜሪካ የተፈቀደው በዚያው ዓመት ነበር።

የመጽሐፉ ብርታት ግልጽ ነው። የዶክተር ዴኒስ ስላሞንን ጽናት፣ የጄነንቴክ ኩባንያን ማመንታት፣ ከሬቭሎን ኩባንያ ለምርምሩ ገንዘብ ያስገኙትን የሊሊ ታርቲኮፍን ጥረትና መድኃኒቱን ለማግኘት የታገሉትን ሕሙማን ጎን ለጎን በማቅረብ፣ መድኃኒት በቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ እንደማይወለድ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ትረካው በጀግኖች ላይ ማተኮሩ አንድ ዐቢይ ቁም ነገር አደብዝዟል። ስላሞንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 የሄር-2 ዘረ-መል መብዛት ከበሽታው ክፋት ጋር እንደሚዛመድ ያረጋገጡት፣ በጥንቃቄ ከተቀመጡ 189 የእጢ ናሙናዎች ተነሥተው ነው። የታሪኩ መሠረት ናሙናው ሆኖ ሳለ፣ ናሙናውን ያዘጋጁት እጆች በትረካው ጎልተው አይታዩም።

ጊዜም ለመጽሐፉ ደስታ ልክ አበጅቶለታል። 469 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲታተም፣ መድኃኒቱ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ በሽታው የተዛመተባቸውን ሴቶች መካከለኛ የሕይወት ዘመን ከ20.3 ወደ 25.1 ወራት ከፍ አድርጓል። ነገር ግን ከአንትራሳይክሊን ጋር በተሰጣቸው ዘንድ የልብ ጉዳት 27 በመቶ ደርሶ ነበር።

ተመሳሳይ ጥድፊያ በኢሚዩኖቴራፒም ታይቷል። አቴዞሊዙማብ ሦስቱም ተቀባዮች ለሌሉትና ለተዛመተ የጡት ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በተፋጠነ አሠራር ቢፈቀድም፣ ተከታዩ ጥናት ተስፋውን ባለማጽናቱ በ2021 አምራቹ ይህን ፈቃድ መልሷል። በአንጻሩ ፔምብሮሊዙማብ ለዚሁ ዓይነት ካንሰር ከቀዶ ሕክምና በፊት ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ፣ እጢው ፈጽሞ የጠፋላቸውን ሕሙማን ከ51.2 ወደ 64.8 በመቶ አሳድጓል።

መጽሐፉ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ ይነሣል። ትራስቱዙማብ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገብቷል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተደረገ ጥናትም ከጡት ካንሰር ሕሙማን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኤስትሮጅን ተቀባይ እንዳላቸው አሳይቷል፤ ለእነዚህ የሚሰጠው ታሞክሲፌንም ቢሆን ዒላማ ያለው፣ ዋጋውም ርካሽ የሆነ መድኃኒት ነው። ዒላማው ሳይታወቅ የሚሰጥ መድኃኒት ግን በጨለማ እንደተወረወረ ቀስት ነው። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ካልገባ፣ በዚያም ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ካልቆየ፣ የተቀባዮቹ ምርመራ ሊያሳስት ይችላል።

ባዜል ስለ መድኃኒቱ የሚገባውን ጽፈዋል። ናሙናውን በወቅቱ ፎርማሊን ውስጥ የሚያስገባው ነርስና ሰንጥቆ የሚያዘጋጀው የላቦራቶሪ ባለሙያ ታሪክ ግን ገና ጸሐፊ ይጠብቃል።