ብቻውን ባንድ የሆነ ሰው

«አንድ እጅ አያጨበጭብም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ይዘን የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» ብንሰማ ምን እንል ይሆን?

ካሴቱ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ባንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ የተቀዳ ነው። አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም የሚጫወተው ኃይሉ ራሱ ነው፤ ከበሮውን ደግሞ ማሽን ይመታል። አንዱን ድምፅ ይቀዳል፤ እሱን እየሰማ ሌላውን ይደርብበታል። ዛሬ በውጭው ዓለም አንድ የቼሎ ተጫዋች የሳበውን ዜማ በመሣሪያ እያስደገመ በላዩ ሌላ ሲጨምርበት «የሙከራ ሙዚቃ» ይሉታል። የኛው ሰው አኮርዲዮኑን ታቅፎ ከዚህ ብዙ የማይርቅ ነገር ሠርቷል።

ታዲያ ሥራው እንዴት ነው? የከበሮው ማሽን ንቅንቅ አይልም። አይደክመውም፣ አይሞቀውም፣ «እሰይ!» አይልም። በዚህ ግትር ምት ላይ አኮርዲዮኑ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ሲያሻው ይዘገያል፣ ሲያሻው ይቀድማል። የካሴቱ ውበት ይሄ ነው። ጉድለቱም እዚያው አለ። ሁሉም የአንድ ሰው ሐሳብ ነውና የሚከራከረው የለም። ደጋግሞ የሰማው ጆሮ መላሽ ይናፍቃል።

ኃይሉ'ኮ ብቸኝነትን የለመደ ሰው አልነበረም። በደርግ ዘመን ካዛንቺስ አጠገብ ባለው ሂልተን ከዋልያስ ባንድ ጋር ይጫወት ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበር ታዳሚው እስኪነጋ እዚያው ይጨፍራል። በ1981 እ.ኤ.አ. ባንዱ አሜሪካ ሄደ፤ ከፊሉ ተመለሰ፣ ኃይሉ ቀረ። እኔ በ«ሸሞንሟናዬ» የተደራረቡትን ድምፆች የምሰማቸው የጎደሉ ጓደኞች ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አድርጌ ነው።

አዝማሪም ብቻውን ነው፤ ማሲንቆውም ባለ አንድ ጭራ ናት። እሱም አንዲት ዜማ ይመላልሳል። ግን እንደ ፈንድቃ ባሉ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት ምልልሱ ወዲያው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ማሽን የማይሰማውን አዝማሪው ይሰማል።

በ2024 እ.ኤ.አ. አሮጌው ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙዎች ስለ ቤትና ስለ ካሣ ተጨነቁ፤ ልክ ነበሩ። ስለ ሙዚቃውም መጨነቅ ይገባናል። እንደገና ሙሉን የመሳሰሉ ሙዚቀኞች የባህል መሣሪያ ድምፅን በኮምፒዩተር እያዋሐዱ ደህና ሥራ ሠርተዋል። ብቻን መሥራት ነውር የለውም። ነውሩ፣ ሌላ ምርጫ ጠፍቶ ከሆነ ነው።

ኃይሉ ራሱ ምስክር ነው። ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ከርሞ፣ ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ አድማጭ ሲያገኝ፣ መድረክ ላይ የወጣው ማሽኑን ተሸክሞ አይደለም። ሰው የሆነ ከበሮ መቺና ቤዝ ተጫዋች ይዞ ነው። አዲሱን ካዛንቺስ የምትነድፉ ሰዎች ይህን ልብ በሉልን፤ ከፎቁ ሥር ማሲንቆ የሚሰማበት አንድ ክፍል አይጥፋ፤ ኪራዩም አዝማሪ የሚችለው ይሁን።