የተዳፈነው ፍም፤ የድብቅ ሄርፒስ ፈውስ ምርምር በሚዛን ሲታይ

ከትኩሳት በኋላ ወይም ፀሐይ ላይ ውሎ ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል የወጣበት ሰው «ምች መታኝ» ይላል፤ ዳማከሴም አሽቶ ይቀባበታል። የሕዝቡ አስተውሎት ከሳይንሱ ጋር በአንድ ነገር ይስማማል። ትኩሳትና የፀሐይ ጨረር ቁስሉን ይቀሰቅሱታል። ልዩነቱ በምንጩ ላይ ነው። ሳይንሱ እንደሚለው ቁስሉ ከዓመታት በፊት ወደ ሰውነት ገብቶ በነርቭ ሕዋስ ውስጥ እንደ ፍም ተዳፍኖ የቆየው የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ማገርሸት ነው። በተለምዶ አልማዝ ባለጭራ የሚባለውን ሕመም የሚያመጣውም የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነ ሌላ ቫይረስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ ውስጥ 3.8 ቢሊዮን ያህሉ የዓይነት 1 ቫይረስ ተሸካሚ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል ደግሞ 520 ሚሊዮን ያህሉ በዋናነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈውን ዓይነት 2 ይሸከማሉ። ይህን ያህል ሕዝብ የሚመለከት ጉዳይ በመሆኑ «ለሄርፒስ ፈውስ ተገኘ» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር በየጤና ተቋሙ ጥያቄ ይከተላል። ለጥያቄው በቂ መልስ ለመስጠት ከዜናው ጀርባ ያሉትን ጥናቶች መመርመር የግድ ነው።

አሲክሎቪር ለምን አይፈውስም?

አሲክሎቪር በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ቦታ ያለው መድኃኒት ነው። ለግኝቱ ምክንያት የሆነውን ምርምር የመሩት ገርትሩድ ኤሊየን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋርተዋል። መድኃኒቱ ሥራውን የሚጀምረው ታይሚዲን ካይኔዝ በተባለው የቫይረሱ ኢንዛይም ሲነቃ ነው፤ ከዚያም የቫይረሱን ዲኤንኤ መባዛት ያቋርጣል። ስለዚህ ጤናማውን ሕዋስ ብዙም ሳይነካ የተበከለውን ይመታል።

ይሁን እንጂ የመድኃኒቱ ጥንካሬ የሆነው ጠባይ ድክመቱም ነው። ቫይረሱ ከቆዳው ተነሥቶ በነርቩ ዘንግ ወደ ላይ በመጓዝ በነርቭ ጋንግሊዮን ውስጥ ሲደበቅ አይባዛም፤ ኢንዛይሙንም አያመርትም። ያልተባዛ ነገር ደግሞ መባዛቱ ሊቋረጥ አይችልም። አሲክሎቪር ነበልባሉን ያጠፋል፤ ፍሙ ግን በአመዱ ሥር ይቀራል። የፈውስ ምርምር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነጥብ ነው።

ቀስቅሶ መግደል

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲው ብራያን ከለንና ባልደረቦቻቸው በኔቸር መጽሔት አንድ ትልቅ ግኝት አሳተሙ። ቫይረሱ በተደበቀበት ጊዜ በብዛት የሚያመርተው አርኤንኤ ፕሮቲን አይሠራም፤ ተግባሩም ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ቡድኑ ከዚህ አርኤንኤ የሚወጡ ማይክሮ አርኤንኤዎች ቫይረሱ እንዲነቃ የሚያስፈልጉትን ፕሮቲኖች እንደሚያፍኑ አሳየ። ከግኝቱ አንድ ሐሳብ ተወለደ። ማይክሮ አርኤንኤዎቹ ቢታገዱ የተደበቀው ቫይረስ በአንድ ጊዜ ይነቃል፤ በነቃ ጊዜም አሲክሎቪር ይገድለዋል።

የጥናቱ መሠረታዊ ሳይንስ የሚያስመሰግን ነው። ከእሱ ተነሥቶ ወደ ፈውስ የተደረገው ዝላይ ግን ሦስት ነገሮችን ዘልሏል። አንደኛ፣ ማፈኛው አንድ ብቻ አይደለም፤ የነርቭ ሕዋሱ ራሱም የቫይረሱን ዲኤንኤ ጠቅልሎ ጸጥ ያደርገዋል፣ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትም ይጠብቁታል። ሁለተኛ፣ ቫይረሱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀስቅሶ አንድም ሳይቀር መግደል ያስፈልጋል፤ ጥቂት ቢቀር ፍሙ እንደገና ይዳፈናል። ሦስተኛ፣ የሚቀሰቀሰው ነገር ያለው በቀላሉ በማይተካ የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ነው፤ ይኸው ቫይረስ ወደ አንጎል ሲገባ ለሞት የሚያደርስ የአንጎል ብግነት እንደሚያስከትል ማንኛውም ሐኪም ያውቃል። ተመሳሳይ ስልት በኤች አይ ቪ ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመው ሪቨር የተባለው የብሪታንያ ጥናት የተደበቀውን ቫይረስ መጠን ሊቀንስ አልቻለም።

ቆርጦ ማጥፋት

ሁለተኛው መንገድ የተኛውን ሳይቀሰቅስ በተኛበት ማጥፋት ነው። በሲያትል የፍሬድ ሃቺንሰን ማዕከል ኪት ጄሮምና ማርቲን ኦበርት የሚገኙበት ቡድን ሜጋኑክሊኤዝ የተባለ ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም ይጠቀማል። ኢንዛይሙን ወደ ነርቭ የሚያደርሰው ሌላ ጉዳት አልባ የተደረገ ቫይረስ ነው። የሄርፒሱ ዲኤንኤ በሁለት ቦታ ሲቆረጥ ሕዋሱ ሊጠግነው ስለሚሳነው ያስወግደዋል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2020 በአይጦች አንድ የነርቭ ጋንግሊዮን ውስጥ ከነበረው ድብቅ ቫይረስ ከ90 በመቶ በላይ ማጥፋቱን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በፊት በኩል ከተበከሉት 90 በመቶ፣ በብልት በኩል ከተበከሉት 97 በመቶ ያህል ማስወገዱን ገለጸ። በሁለተኛው ጥናት ከሰውነት የሚወጣው ቫይረስ መቀነሱም ታይቷል።

የዚህ ሥራ ዋና ብርታት በምንጩ ላይ መዝመቱ ነው። በተጨማሪም ቡድኑ ጋንግሊዮን ውስጥ የቀረውን ቫይረስ በመቁጠር ብቻ አልተወሰነም፤ ለመተላለፍ ይበልጥ የሚቀርበውን፣ ማለትም ከሰውነት የሚወጣውን ቫይረስም ለክቷል። ከ2020ው ጥናት ይልቅ የ2024ቱ የተሻለ መሆኑም ቡድኑ የራሱን ዘዴ እያቀለለ እንደሚያርም ያሳያል።

ሆኖም አንባቢ ሊያልፋቸው የማይገቡ ውስንነቶች አሉ። የተፈተነው ዓይነት 1 ቫይረስ ነው፤ በብልት ሄርፒስ ዋናውን ሸክም የሚይዘው ዓይነት 2 ገና ነው። በአይጥ ላይ ቫይረሱ እንደ ሰው በራሱ አያገረሽም፤ ተመራማሪዎቹ በመድኃኒት ቀስቅሰው ነው የለኩት። በጉበት ላይ ጉዳት፣ በነርቭ ሕብረ ሕዋስም ላይ ለውጥ መታየቱ ተዘግቧል። ለሞት የማይዳርግ ቁስል ላለበት ጤነኛ ሰው የሚሰጥ ሕክምና የሚጠየቀው የደህንነት ማረጋገጫ ለካንሰር ከሚጠየቀው እጅግ የጠበቀ ነው። በቻይና በሄርፒስ ምክንያት ዓይናቸው በተጎዳ ሕሙማን ላይ ክሪስፐር የተባለው ሌላ የመቁረጫ ዘዴ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2023 መልካም ውጤት ታትሟል፤ የታከሙት ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበራቸውም።

አፍሪካ የሰጠችው ትምህርት

97 በመቶ የሚለው ቁጥር ምን ያህል ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ለመመዘን የአፍሪካ ሕሙማን የተሳተፉበትን ጥናት ማስታወስ ይጠቅማል። ዓይነት 2 ሄርፒስ ያለበት ሰው በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉ በሦስት እጥፍ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሄርፒስን በአሲክሎቪር ማፈን የኤች አይ ቪን ሥርጭት ይቀንሳል ተብሎ በጽኑ ታመነ። በሰባት የአፍሪካ አገሮች፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን ጨምሮ፣ አንዱ ወገን ኤች አይ ቪና ሄርፒስ ያለበት 3,408 ጥንዶች ተሳተፉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም የሄርፒስ የብልት ቁስል በ73 በመቶ መቀነሱ፣ በደም ውስጥ ያለው የኤች አይ ቪ መጠንም ዝቅ ማለቱ ታወቀ። ከጥንዱ ወደ ጥንዱ የተላለፈው ኤች አይ ቪ ግን አሲክሎቪር ከወሰዱት ዘንድ 41፣ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ዘንድ 43 ነበር። ልዩነት አልተገኘም ማለት ነው።

መድኃኒቱ የተለካውን ነገር ቀነሰ፤ የተፈለገውን ግብ ግን አልመታም። ይህ ትምህርት የተገኘው በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ጊዜያቸውንና ደማቸውን ሰጥተው ነው። በአይጥ ጋንግሊዮን የታየውን መቶኛ ወደ ሰው ሕይወት በቀጥታ የሚያሸጋግር ዘገባ ይህን ትምህርት ይዘነጋል።

ፈውስ የሚለው ቃል

በአማርኛ «ፈውስ» ከባድ ቃል ነው፤ ሰሚው የሚረዳው ደዌው ፈጽሞ መወገዱን ነው። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ደረጃ ላለ ጅምር ቃሉን መስጠት ለታካሚው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል። ጉዳቱ ደግሞ ከተስፋ መቁረጥ ያልፋል። ፈውሱን እጠብቃለሁ ብሎ ዛሬ በእጁ ያለውን መድኃኒት የሚያቆም፣ ወይም በማያውቀው ሻጭ «ፈውስ» ገንዘቡን የሚያባክን አይታጣም።

በእጅ ያለውም ቀላል አይደለም። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ማገርሸትን በእጅጉ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ቫላሲክሎቪር በቀን አንድ ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ዓይነት 2ን ወደ ጓደኛቸው የማስተላለፍ ዕድል በግማሽ ያህል ቀንሷል። ኮንዶምም ያግዛል። ነፍሰ ጡር እናት በምጥ ጊዜ የብልት ቁስል ካላት በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ሕፃኑን ከከፋ አደጋ ይጠብቃል። ሕመሙ የምግባር ጉድለት ምልክት አለመሆኑን በለሰለሰ ቃል ማስረዳትም ራሱ ሕክምና ነው።

በጠቅላላው ሲመዘን የዱክ ሥራ ስለ ቫይረሱ አደባበቅ ዕውቀትን አሰፋ እንጂ የፈውስ መንገድ አልሆነም። የሲያትሉ ሥራ እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ ወደ ምንጩ የቀረበ በመሆኑ በትኩረት ሊከታተሉት የሚገባ ነው። ፈውስ ተብሎ ለመጠራት ግን በዓይነት 2 ላይ መፈተን፣ እንደ ሰው በራሱ በሚያገረሽበት እንስሳ ላይ መታየት፣ በሰው ላይም ደህንነቱ መረጋገጥ አለበት። እስከዚያው ድረስ «ፈውስ ተገኘ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ታካሚ የሚሰጠው ታማኝ መልስ «ገና ነው፤ ሕክምና ግን አለ» የሚል ነው።