ቡሎን ላይ የተሰመረች ቀለም

ሮለር ኮስተር ሥር የቆመ ሰው ዓይኑ የሚሄደው ላይ ወደሚጮኸው ሕዝብ ነው። እኔ የማየው ከታች ያለውን ቡሎን ነው። የብረት ዓምዱ ከሲሚንቶ መሠረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቡሎኖች በተርታ ይሰደራሉ። ጠንቃቃ መካኒክ ባለበት ፓርክ፣ ከቡሎኑ ጫፍ ተነሥታ፣ ዳዶውን አቋርጣ፣ በሮንዴላው በኩል እስከ ላሜራው የምትወርድ ቀጭን የቀለም መስመር ታገኛላችሁ። የምትሰመረው ዳዶው በሚፈለገው ልክ ከጠበቀ በኋላ ነው። ጠዋት በሩ ሳይከፈት ሐዲዱን ተከትሎ የሚሄደው መካኒክ እያንዳንዱን ቡሎን በቁልፍ መሞከር አይጠበቅበትም። መስመሯ ሳትሰበር ከወረደች ያልፋል፤ ዳዶው ላይ ያለችው ክፋይ ወደ ጎን ሸርተት ካለች ዳዶው ዞሯል ማለት ነውና እዚያው ይቆማል። ከዚህ ረክሶ ከዚህ በላይ የሚያስተማምን መሣሪያ አላየሁም።

ከምንኖርበት ሎኬሽን፣ ከቶኮዛ፣ ጆሃንስበርግ ወዳለው የመጫወቻ ፓርክ፣ ወደ ጎልድ ሪፍ ሲቲ፣ ሩቅ አይደለም። በአልበርተን ወጥቶ ኤን 12ን ወደ ምዕራብ መያዝ ነው። ዲሴምበር ሲደርስና ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሎኬሽኑ ልጅ ሁሉ ወሬው እሱ ነው፤ እዚህ ሱቅ ከፍተን የምንኖረውን ሐበሾችም ልጆቻችን አያስቀምጡንም። ፓርኩ የተሠራው ክራውን ማይንስ ይባል በነበረው የወርቅ ማዕድን 14ኛ ጉድጓድ ዙሪያ ነው። በ1886 (ዓመቶቹ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓለምን ወደዚህ ምድር የጠራው ወርቅ ቦታውን ቦርቡሮት ሄደ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1980ዎቹ የልጆች መጫወቻ ሆነ። አጠገቡ ካሲኖ አለ፣ በ2001 የተከፈተው የአፓርታይድ ሙዚየም አለ፣ አውራ ጎዳና አለ። ሠሪዎቹ እንደ ልብ የሚዘረጉበት ሜዳ አልነበራቸውም።

ብዙ ጎብኚ ችላ ብሎት የሚያልፈው የጉድጓዱ ጉብኝት ነው፤ ለኔ ግን የፓርኩ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ነው። ድሮ ወደ 220 ሜትር ይወርድ የነበረው አሁን 75 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሰውን በጠባብ ቦታ፣ በፍጥነት፣ ጉዳት ሳያደርሱበት ማመላለስን ጆሃንስበርግ የተማረችው ከመጫወቻ ሳይሆን ከማዕድን ነው። የማዕድን ኬጅ የሚይዘው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው። በሩ ሳይዘጋ ደወል አይደወልም፣ ደወል ሳይደወል ኬጁ አይንቀሳቀስም። ሞተሩን የሚነዳው ሰው ኬጁን በዓይኑ አያየውም፤ የሚያምነው ደወሉንና ጥልቀት የሚያመለክተውን መርፌ ብቻ ነው። ይህ ሥርዓት የተጻፈው በደም ነው። በ1995 ኦርክኒ አጠገብ በቫል ሪፍስ ማዕድን የምድር ውስጥ ባቡር ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሠራተኛ የጫነ ኬጅ ላይ አረፈ፤ ከ100 በላይ ሰው አለቀ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ አገሪቱ አዲስ የማዕድን ጤናና ደኅንነት ሕግ አወጣች።

ሮለር ኮስተርም የሚሠራው በዚያው አስተሳሰብ ነው። ሐዲዱ፣ ከምድር ባቡር በተወረሰ ዘዴ፣ በክፍል በክፍል ይከፈላል። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ባቡር ካለ ሌላው ወደዚያ አይገባም፤ ሊገባ ቢል ፍሬኑ ይይዘዋል። ፍሬኑ ራሱ የተሠራበት መንገድ ያስደስተኛል። በብዙዎቹ ላይ የሚዘጋው በሞላ ነው፣ የሚከፈተው በአየር ግፊት። ማለትም ለመልቀቅ ጉልበት ይፈልጋል፣ ለመያዝ ግን ምንም አይፈልግም። ሎድ ሼዲንግ የሚሉት የኤሌክትሪክ ፈረቃ ሳያስጠነቅቅ መብራት ቢወስድ፣ አየሩ ሲያልቅ ሞላው ጥርሱን ይነክሳል። ካቴናው እየጎተተ ወደ ኮረብታው ሲያወጣችሁ ከሥር የምትሰሙት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅም ማስፈራሪያ አይደለም፤ ካቴናው ቢበጠስ ሠረገላው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጥርስ ለጥርስ የሚያርፈው ብረት ነው።

አናኮንዳ የተባለው የፓርኩ ሮለር ኮስተር የስዊዘርላንዱ የጆቫኖላ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ በ1999 ተከፈተ። (ከዚሁ ፋብሪካ የወጡት ዋልተር ቦሊገርና ክላውድ ማቢያር በኋላ የራሳቸውን ድርጅት አቁመው በሙያው አሉ ከሚባሉት ተርታ ገብተዋል።) ሠረገላው ከሐዲዱ በታች ስለተንጠለጠለ የተሳፋሪው እግር አየር ላይ ይወዛወዛል። ባቡር ሲያልፍ ሳይሆን ቆሞ ሳለ ወደ ጎማዎቹ ተመልከቱ። ጎማዎቹ ሐዲዱን ከላይ፣ ከጎንና ከታች ይዘውታል። ጆን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ በ1919 ከሐዲዱ ሥር የሚገባውን ጎማ በስሙ ካስመዘገበ ወዲህ ሠረገላ ከሐዲድ የመዝለል ነፃነቱን አጥቷል። ጎማው ብረት ለብረት እንዳይፋጭ ዳሩ በፖሊዩረቴን ተሸፍኗል። ሽፋኑ ጠንከር ሲል ፍጥነት ይጨምራል፣ ለስለስ ሲል ንዝረቱን ይውጣል፤ ልኩን መምረጥ የባለሙያው ዕውቀት ነው። ኩሽኔታው መድከም ሲጀምር ከዓይን በፊት ጆሮ ይሰማዋል።

የሐዲዱ መጋጠሚያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሐዲዱ ቱቦ ነው፤ በአንድ ጊዜ ወደ ጎንም ወደ ላይም ተጠማዞ፣ በቁራጭ ተሠርቶ፣ ቦታው ላይ ነው የሚጋጠመው። ሁለቱ ቱቦዎች በተገናኙበት ቦታ ጥፍር ቢያልፍበት መያዝ የለበትም። የፀጉር ያህል ብልጫ ካለ ጎማው በየዙሩ ይመታዋል፤ በቀን ስንት መቶ ጊዜ ያንኑ ቦታ የሚመታ ጎማ ውሎ አድሮ ብየዳውን ያደክማል። ጥሩ መጋጠሚያ ላይ ባቡር ሲያልፍ ድምፁ አይቆራረጥም። ለዚህ ነው ስለ ሐዲድ ሥራ ለመፍረድ ዓይኔን ጨፍኜ ማዳመጥ የምወደው።

እግር የሚንጠለጠልበት ሠረገላ ቦታን በተመለከተ የራሱ ጣጣ አለው። ሐዲዱ በዛፍ፣ በዓምድና በእግረኛ መንገድ መካከል እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፣ እጁንና እግሩን እስከ መጨረሻው የዘረጋ ረጅም ሰው ምንም ነገር መንካት የለበትም። ይህ የሚፈተነው በግምት አይደለም። የዘረጋ ሰው ልክ የሆነ ክፈፍ ወንበሩ ላይ ታስሮ ሐዲዱን ሁሉ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የነካው ነገር ካለ ይቆረጣል ወይም ይነሣል። ከታች ሠረገላው ዝቅ በሚልበት ቦታ መሬቱ በአጥር ይከለላል። ከሐዲዱ በታች አበባ የተተከለበት፣ ማንም የማይረግጠው ባዶ መሬት ስታዩ፣ ቦታው የባከነ አይምሰላችሁ።

ቦታ በመቆጠብ ግን ጎልደን ሉፕ የተባለውን የፓርኩን ሌላ ሮለር ኮስተር የሚስተካከለው የለም። በ1977 አሜሪካ ካሮዋይንድስ በሚባለው ፓርክ ዋይት ላይትኒን ተብሎ ተከፈተ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ ተፈታትቶ ወደ ጆሃንስበርግ መጣ። ሠሪው ጀርመናዊው አንቶን ሽዋርስኮፍ ነው። ባቡሩ ከጣቢያው ተወርውሮ ይወጣል፣ በቀለበቱ ይገለበጣል፣ ቀጥ ወዳለ ግንብ መሰል ሐዲድ ወጥቶ ይቆማል፣ ከዚያ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ቀለበቱን ደግሞ ያልፋል። አንዱን ሐዲድ ሁለት ጊዜ ይጠቀምበታል። ስለዚህ የሚወስደው መሬት ረጅምና ጠባብ ሸርጥ ብቻ ነው።

ቀለበቱን ቀና ብላችሁ ብታዩት ፍጹም ክብ አይደለም፤ አናቱ ላይ ጠበብ፣ ግርጌው ላይ ሰፋ ያለ የእንባ ቅርጽ አለው። በ1895 ኮኒ አይላንድ ላይ የተሠራው ፍሊፕ ፍላፕ የሚሉት ፍጹም ክብ ነበር፤ የተሳፋሪን አንገት እየቀጨ ስሙን አጠፋ። ክብ ቀለበት አናቱ ላይ ሳይወድቅ የሚያልፍ ሠረገላ ግርጌው ላይ ሰውን የራሱን ክብደት ወደ 6 እጥፍ ይጭነዋል። ከሽዋርስኮፍ ጋር የሠራው መሐንዲስ ቬርነር ሽቴንግል ከታች ኩርባውን በማስፋት ይህን ሸክም ቀነሰው። እዚሁ ጎልድ ሪፍ ሲቲ ውስጥ በ2001 የተከፈተው ታወር ኦፍ ቴረር ደግሞ 34 ሜትር ከፍታ ያለው ማማ ነው፤ መሬት ውስጥ ወደተቆፈረ ጉድጓድ ስለሚገባ አወራረዱ ወደ 50 ሜትር ይጠጋል። ወደ ላይ መሄድ ሲከብድ ወደ ታች መቆፈር፣ ይህ የማዕድን ከተማ መላ ነው። በ6.3 ጂ ኃይሉ ይኩራራል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለቅጽበት 378 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ቅጽበት በመሆኑ ሰውነት ይችለዋል። ፍርዴን ከተጠየቅሁ ግን ሸክሙን ለመቀነስ የለፋው የሽቴንግል ኩርባ፣ ሸክሙን ለማብዛት ከተደከመው ሥራ ይበልጥብኛል።

ጎልደን ሉፕ በመሬት ያተረፈውን በሰልፍ ይከፍላል። በአንድ ሐዲድ ወዲያና ወዲህ የሚል ባቡር ሁለተኛ ባቡር አያስከትልም። 28 ሰው የሚይዝ ባቡር በየሁለት ደቂቃው ቢነሣ በሰዓት 840 ሰው ያስተናግዳል፤ በየሦስት ደቂቃው ከሆነ 560። ጣቢያው ላይ የምትባክን አንዲት ደቂቃ በሰዓት 280 ሰው ታስቀራለች። ፀሐይ ላይ የቆመው ሕዝብ ሲያጉረመርም ይህችን ደቂቃ ከወንበሩ መያዣ ፍተሻ ላይ መቀነስ ለአስተናጋጅ ትልቅ ፈተና ነው። ጥሩ ፓርክ ደቂቃዋን የሚያገኘው ከሌላ ቦታ ነው። ቦርሳና ኮፍያ ቀድሞ ይቀመጣል፤ ማን በየትኛው ረድፍ እንደሚቀመጥ ባቡሩ ሳይመጣ ይለያል፤ ሰው በአንድ ወገን ሲወርድ በሌላው ወገን ይሳፈራል። ፍተሻው አይነካም። አስተናጋጁ መያዣውን ወደ ታች ይጫናል፣ ወደ ላይ ይስባል፣ አውራ ጣቱን ያሳያል፤ ወደሚቀጥለው ወንበር ያልፋል።

ስለ ሰልፉ አጥር እስካሁን ማንም ቅኔ አልተቀኘለትም፤ ቢቀኝለት ግን ይገባዋል። ያ እባብ መሰል ሄዶ ተመላሽ አጥር ሰው ለመደርደር ብቻ የተሠራ የሚመስለው ብዙ ነው። ሕዝብ በቀጥታ ወደ አንድ በር ሲገፋ የኋለኛው ግፊት በፊተኛው ላይ እየተደመረ ይሄዳል፤ የኋላው ሰው በትከሻው ብቻ ነው የገፋው፣ የፊተኛው ግን የሁሉንም ትከሻ ይሸከማል። አጥሩ በታጠፈ ቁጥር ያ ድምር ይቆረጣል። ስለ እግረኛ እንቅስቃሴ አጥንቶ በ1971 መጽሐፍ ያወጣው ጆን ፍሩን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ሰባት ያህል ሰው ሲታጨቅ ሕዝቡ እንደ ፈሳሽ መንቀሳቀስ እንደሚጀምር ጽፏል። ከዚያ በኋላ የግለሰብ ጥንቃቄ ዋጋ የለውም። ጆሃንስበርግ ይህን በኤፕሪል 11 ቀን 2001 በኤሊስ ፓርክ ስታዲየም አይታዋለች፤ ቺፍስና ፓይሬትስ የተባሉት የእግር ኳስ ቡድኖች ሲጫወቱ ውጭ የቀረው ሕዝብ እየገፋ ገባና 43 ሰዎች ሞቱ። እኛም በ2012 ዓ.ም. በጎንደር የጥምቀት ዕለት ለተመልካች የተሠራው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች አጥተናል። ርብራቡ ስንት ሰው እንደሚችል፣ ስንት ሰው እንደወጣበት የሚቆጥር ሰው ያስፈልግ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ሰልፍ ያለ አጥር፣ ያለ ጠባቂ ግድግዳ ታክኮ እንደሚታጠፍ የሚያውቅ ሰው፣ ሕዝባችን ሥርዓት ይጎድለዋል ብሎ አይሟገትም። የሚጎድለው ሠሪው ነው።

እናም በዚህ ዲሴምበር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትሄዱ አንድ ነገር ልበል። የቁመት መለኪያው ፊት ከአስተናጋጅ ጋር የሚሟገት ወላጅ አይጠፋም። «ወንድሜ፣ ጣት ታህል ናት የቀረችው» ይላል። አስተናጋጁም «ይቅርታ፣ አይሆንም» ብሎ ይመልሳል። ያቺ መስመር የተሰመረችው ልጁን ለማስከፋት አይደለም። የትከሻና የዳሌ መያዣው የተቀረጸው ለተወሰነ አካል ነው፤ ቁመት የዚያ አካል ምልክት ናት። መያዣው ቢቆለፍም ትንሽ ልጅ በሥሩ ሊሾልክ ይችላል፤ ቁልፉ ድርብ መሆኑ ለሾለከ ልጅ አይጠቅምም። ስለዚህ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አታልብሱት፣ በጣቱ ቁም አትበሉት። «አይሆንም» ላላችሁ ወጣት ደግሞ አመስግኑትና ለትንንሾቹ ወደተሠሩት መጫወቻዎች ሂዱ፤ ልጁ ሲያድግ ትመለሳላችሁ።