የዓሣ ጉበት ስለ ሰው ጉበት ይመሰክራልን?

ከዕፀዋት የሚገኝ ንጥረ ነገር ጉበትን ይጐዳ ወይም አይጐዳ እንደ ሆነ ለመመርመር፣ ዛሬ በብዙ አገር ቤተ ሙከራዎች የሚሠራበት እንስሳ ዜብራ ዓሣ የሚባለው ነው። ይህ ዓሣ ከደቡብ እስያ ውሆች የተገኘ፣ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ፍጥረት ነው። የዘዴውን ጥቅም አንክድም። ግልገሉ ሰውነቱ እንደ ብርጭቆ ስለሚያሳልፍ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሥራ የሚጀምረውን ጉበት ዓሣው በሕይወት ሳለ በአጉሊ መነጽር ማየት ይቻላል። ጉበቱ ሲመረዝ ይጠቁራል፣ ይኰማተራል፤ አስኳሉም ሳያልቅ ይቀራል። ለአይጥ የማይበቃ ጥቂት ሚሊግራም ንጥረ ነገር ለብዙ ግልገሎች ይበቃል።

ክርክራችን የሚነሣው ውጤቱ «ለጉበት መርዝ ነው» ወይም «ደኅና ነው» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ፍርዱ ለማን ነው? በአርሲ የመርቲ ወረዳ ከተማ በሆነችው በአቦምሳ ኮሶ የሚጠጣ ሰው፣ አበባውን ወቅጦ በውሃ በጥብጦ በባዶ ሆዱ አንድ ጊዜ ይጨልጠዋል። ግልገሉ ዓሣ ግን ብዙውን ጊዜ በአልኮል የተነጠረውን ለሁለትና ለሦስት ቀን ሲዋኝበት ይቈያል፤ መድኀኒቱም በቆዳውና በስንጥቡ ጭምር ይገባበታል።

የአገራችን ዓሣ አጥማጆች ይህን ልዩነት ከቤተ ሙከራው አስቀድመው ያውቁታል። በጣና ዙሪያ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ይደነዝዛል፤ ያንኑ ዓሣ ሰው ይበላዋል። በፍሬው ያለው ሮቴኖን በስንጥብ በኩል ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ በሰው አንጀት የሚያልፈው ግን ጥቂት ነው። እንዶድም እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የታወቀ ነው፤ ያው የእንዶድ ሳፖኒን የዓሣንም ስንጥብ ይጐዳል። በዚህ ውሃ የሞተውን ዓሣ አይቶ እንዶድን ጉበት አጥፊ ማለት፣ ሰው ሰምጦ ሲሞት ሳንባውን ትቶ ጉበቱን እንደ መክሰስ ነው።

በተቃራኒው የሚመጣው ስሕተት የባሰ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2001 በትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ፣ ሆድ የሚነፋና የሚገድል ምንነቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ታየ። ከብዙ ዓመት ምርመራ በኋላ ጣት የተቀሰረው አጄራተም በሚባል አረም ላይ ነው፤ ይኸው አረም ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ኖሯል። በውስጡ ያለው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ መርዝነቱ የሚገለጠው ጉበት ራሱ ከለወጠው በኋላ ሲሆን፣ ሰዎቹም የበሉት ለሁለት ቀን ሳይሆን በየዕለቱ ለረጅም ጊዜ ነበር። ጉበቱ ገና ለጋ የሆነ የ5 ቀን ግልገል እንዲህ ያለውን ነገር «ደኅና ነው» ብሎ ቢያሳልፈው አይፈረድበትም፤ የሚፈረድበት ጠያቂው ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ኮሶ ሲመረመር ሰው በሚጠጣው አዘገጃጀትም ይመርመር። ውሃው ውስጥ የተጨመረው ብቻ ሳይሆን በዓሣው ሰውነት የገባው ይለካ፤ ጉዳቱ የታየው ዓሣውን ከሚገድለው መጠን ምን ያህል ባነሰ መጠን እንደ ሆነም ይጻፍ። ኮሶ ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋ ሐኪሞች በአገራችን ጽፈዋል፤ ስለዚህ በአቦምሳ ገበያ ኮሶ የምትሸጥ እናት «ስንት ሲኒ ልስጥ?» ብላ ብትጠይቀን፣ ዓሣው ጉበት ላይ ብቻ ተመሥርተን የምንሰጣት መልስ የለንም።