ሲኒ ሲገለበጥ

ቡና ተጠጥቶ ሲያልቅ ሲኒዬን ገልብጬ ቂጡን አያለሁ፤ ሥራዬ የቆዩ የቤት ዕቃዎችን መመዝገብ ነው። ቦንጋና አካባቢዋ ያሉ ወዳጆቼ ለምደውኛል፤ የማያውቀኝ ግን አተላው ልብሴ ላይ እንዳይፈስ ይጨነቃል። ወደ ማንኪራ ጫካ የሚወርድ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ቡናው መነሻ ነው፤ የተጠጣበትን ሲኒ ማን ሠራው የሚል የለም።

ቡናው ከጫካው ነው፣ ጀበናው ከሰፈር ሸክላ ሠሪ። ሲኒው ብቻ ባሕር ተሻግሮ መጥቷል። ጀበና ላይ ምልክት ፈልጌ አላውቅም፤ የአንገቱን አወጣጥና የጆሮውን አቀማመጥ አይቶ የማን እጅ እንደሆነ የሚነግረኝ ጎረቤት አይጠፋም። ማኅተም የሚያስፈልገው ሠሪውን ማንም የማያውቀው ዕቃ ነው።

ይሁንና ሲኒ ሥር የሚታተመው አብዛኛውን ጊዜ የሠሪ ስም ሳይሆን የጉምሩክ ጉዳይ ነው። አሜሪካ በ1890 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አስገደደ። ጃፓኖች «ኒፖን» ብለው ሲያትሙ ቆዩ፤ ከ1921 በኋላ ደግሞ «ጃፓን» በሉ ተባሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አገሪቱ በአሜሪካ ጦር ሥር እያለች፣ «በተያዘች ጃፓን የተሠራ» የሚል ማኅተምም ወጥቷል፤ ይህ ዘመን በ1952 አበቃ። የሰብሳቢዎች መጻሕፍት ከዚህ ተነሥተው ጽሑፍ የሌለበት ዕቃ ከ1891 በፊት የተሠራ ነው ይላሉ። እኛ ዘንድ ይህ አይሠራም። ሕጉ የአሜሪካ ገበያ ሕግ ነው፤ ወደ ምጽዋ ወይም ወደ ጅቡቲ ለተጫነ ሳጥን ማንም የማተም ግዴታ አልነበረበትም። ባዶ ቂጥ ያየ ሁሉ «የአፄ ምኒልክ ዘመን» እያለ ዋጋ ሲቆልል ስሰማ እናደዳለሁ።

ብርጭቆ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ቁጥር። በ1945 የተመሠረተው የፈረንሳዩ ዱራሌክስ ብርጭቆዎቹ ሥር ከስሙ ጋር አንድ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ የቅርጹ መለያ ነው፤ አንድ ብርጭቆ እንከን ቢገኝበት ከየትኛው ቅርጽ እንደወጣ ለማወቅ ይጠቅማል። ዓመተ ምሕረት አይደለም፤ የፈረንሳይ ልጆች ግን ምግብ ቤት ተቀምጠው ዕድሜያቸው ነው እያሉ ይጫወቱበታል።

ብርሌ ግን ሥራዬን ያስወደደኝ ዕቃ ነው። በትንፋሽ የተነፋ አሮጌ ብርሌ ጽሑፍ የለበትም፤ ሆኖም ሥሩን በጣት ጫፍ ስትዳስሰው ሻካራ ክብ ጠባሳ ታገኛለህ። አንገቱንና አፉን ሲያበጁለት ብርጭቆውን ይዞ የቆየው የብረት ዘንግ የተነቀለበት ቦታ ነው። ወደ ብርሃን አዙረህ ብታየው አረፋዎቹ አንገቱ ላይ ሲደርሱ እንደ ስንዴ ፍሬ ይረዝማሉ፤ ብርጭቆው ሳይቀዘቅዝ ስለተሳበ ነው። በቅርጽ የወጣ ከሆነ ጎኑ ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ይታያል፤ መስመሩ እስከ ከንፈሩ ከዘለቀ የማሽን ሥራ ነው።

ከዚያ ጭረቱን አያለሁ። ለዓመታት ገበታ ላይ የኖረ ዕቃ ሥሩ በየአቅጣጫው ተፋትጎ ይደበዝዛል፤ ለገበያ ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ግን ጭረቱ ሁሉ ባንድ በኩል ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤቶቹን ዕቃው እጄ ሳይገባ በአመድ እንዳያሹት እለምናለሁ፤ ብዙዎች ለእንግዳ ክብር ብለው አሽተው ይጠብቁኛል።

አንዲት እናት ሲኒያቸውን ስገለብጥ አይተው፣ «ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ።

«ጃፓን ይላል፣ እማማ።»

«ጃፓን የት አውቄ! የጅማ ነው። ለሠርጌ ነው የተገዛው።»

መዝገቤ ላይ ሁለቱንም ጻፍኩ። «ጃፓን» የሚለውን ማንም አጉሊ መነጽር ያለው ሰው ነገም ያነበዋል፤ የጅማውንና የሠርጉን ግን ከእሳቸው ሌላ የሚነግረው የለም።